ቤት የማይመታ ግጥም

በሰፈራችን የጀመረውን ንግግር ራሱ የሚጨርስ ሰው እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። ሌላው ይጀምራል፤ ከጆሮው ሥር ያስገቡለት አሟይ የሚሉት መሣሪያ ይጨርስለታል።

ጠዋት በር ስከፍት ጎረቤቴ እታፈራሁ ደጇን ስትጠርግ አገኛታለሁ። «እንደምን…» ትልና ወደ መጥረጊያዋ ትመለሳለች። ከጆሮዋ ሥር፣ በገዛ ድምፅዋ፣ አፏ ሳይንቀሳቀስ «…አደርሽ እት ይመናሹ፤ ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ፤ ዛሬስ የጦሳ ተራራ ጭጋግ ቶሎ የሚነሣ ይመስላል» ይላል። እኔም እመልሳለሁ፤ «አንቺስ?» እላታለሁ። «እኔማ…» ትልና ቤቷ ትገባለች። የቀረው ከጓዳ ይሰማኛል።

አንድ ቀን «እታፈራሁ፣ ድምፅሽንስ በየቀኑ እሰማዋለሁ፤ አንቺ ራስሽ አለሽ ወይ?» አልኳት። ሳቀች። ሳቁን የጀመረችው እሷ ናት፤ የጨረሰው ግን አሟዩ ነው።

ገበያም እንዲሁ ነው። ሽንኩርት ሻጯና ገዢዋ አንድ አንድ ቃል ይወረውሩና ፊታቸውን ወደ ተራራው አዙረው ይቆማሉ፤ የሚከራከረው ከጆሯቸው ሥር ያለው ነው። ሁለት ሾፌሮች መኪና ተጋጭተው ወረዱ። አንዱ «አንተ…» አለ፣ ሌላውም «አንተ…» አለ። ከዚያ አሟዮቻቸው ተሰዳድበው፣ ሽማግሌ ጠርተው፣ ካሳ ተነጋግረው፣ ይቅር ተባባሉ። ሰዎቹ ሳይጣሉ ታርቀው ሄዱ። ቤተ ክርስቲያን ሄጄም አየሁ፤ ሰው ራሱ የሚፈጽመው የቀረው ስግደቱ ብቻ ነው፤ እሱም ጉልበት ስለሚፈልግ ይሆናል።

እኔ አሟይ አላደረግኩም። የቀበሌው ሰው መጥቶ «ዕድሜዎ ስለገፋ አይገደዱም» አለኝ። መስደቡ ነው። ስድቡን ደስ ብሎኝ ተቀበልኩት።

ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ሥራዬ አልቃሽነት ነበር። በደሴና በዙሪያዋ ሰው ሲሞት ሙሾ የማወርደው እኔ ነበርኩ። ሟቹን በሕይወቱ አይቼው ባላውቅም ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ እናቱን አንድ ጊዜ ካየኋት ይበቃኛል፤ የሚባለው ይመጣልኛል። እኔ ባወረድኩበት ለቅሶ ላይ ዓይኑ ደርቆ የወጣ ወንድ የለም። ይኸን የምለው ልኮራ ብዬ ነው።

ልጄ ፍኖት ግን ተማረች። መማርም ብቻ አይደል፣ አበዛችው። ሐኪም ትሆናለች ስል የሞተ ቋንቋ ሐኪም ሆና ከባሕር ማዶ መጣች። የጥንት ግሪኮች የሚናገሩት ቋንቋ ነው አለችኝ።

«ከማን ጋር ልታወሪበት ነው?» አልኳት።

«ከሙታን ጋር።»

«ለሱማ እኔ አለሁ አይደል? ሳልማር በየሳምንቱ አወራቸው የለም ወይ!»

ሳቀች። ያኔ ሳቋን ራሷ ትጨርስ ነበር።

ፍኖት የምታጠናው ትልልቁን የጦርነት ግጥም አልነበረም። ክራር በሚመስል ነገር እየተመታ የሚዜመውን፣ ሰው ስለ ራሱ ሆድ የሚለውን አጭር አጭሩን ነው። የዚያ አብዛኛው ጠፍቷል። የቀረው ከግብፅ የቆሻሻ ክምር ሥር እየተቆፈረ የወጣ ቅዳጅ ነው። ከሁሉም አንዲት መዳፍ የምታህል ቅዳጅ ነበረች፣ ስሟ የጠፋ ሴት ያለችው ግጥም። ልጄ ወጣትነቷን ለዚያች ቅዳጅ ሰጠች። ባል መጣ፣ ቅዳጇ ላይ ነኝ አለች። ሌላም መጣ፣ ቅዳጇ ላይ ነበረች።

«ምን ትላለች ሴትዮዋ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ጨው የሚል አለ። ከዚያ ተቀድዷል። የእህቴ የሚል አለ። ከዚያም ተቀድዷል። መጨረሻ ላይ እኔ ግን ትላለች።»

«እኔ ግን ምን?»

«ተቀድዷል እማዬ።»

በነሱ ቋንቋ «እኔ ግን» ማለት «ኤጎ ዴ» ነው። እኔ የሰማሁት «እጎዳ» ብዬ ነው። ኋላም ከአፌ አልወጣልኝም።

«ታዲያ የእናንተ የተማራችሁት ሥራ ምንድነው? የጎደለውን መሙላት ነዋ!»

«አይደለም። እዚያ ሲደርሱ መቆም ነው።»

«ለመቆም ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው?»

«መቆም ከባድ ነው፣ እማዬ» አለችኝ።

የተቀደደበት ቦታ ላይ የሚያደርጉት ምልክት አለ፤ ግማሽ መስኮት ይመስላል። ከፈረንጅ ጽሕፈት የማውቃት እሷን ብቻ ነው። ፍኖት ስለ ግማሽ መስኮቷ መጽሐፍ ጻፈች። ሴትዮዋ ከ«እኔ ግን» ቀጥላ ምን አለች ሳይሆን፣ አለማወቃችን ምን እንደሚያደርገን ነው መጽሐፉ። እኔ አልገባኝም። ዶክተር ያሏት ግን በሱ ነው።

ሌላም ነገር ጠይቄያት ነበር። «ቤትስ ይመታል ግጥማቸው?»

«አይመታም። በረጅምና በአጭር ድምፅ ነው የሚሄደው እንጂ ቤት አይመታም።»

«ቤት ካልመታ ምኑን ገጠመ? ግሪኮችሽ ሰነፎች ናቸው!»

ያን ቀን ሁለታችንም ስቀናል። ያን ሳቅ ዛሬ ባስታወስኩት ቁጥር አፌን ይመረኛል።

ከዚያ አሟይ መጣ። መጀመሪያ ለደብዳቤ ነበር፣ ከዚያ ለንግግር ሆነ፣ ከዚያ ጦሳ አፋፍ ላይ ምሉዕ የሚባለውን ተቋም ሠሩ። ምሉዕ በዓለም ላይ የጎደለ ነገር ሁሉ ይሞላል። አይጥ የበላውን ብራና፣ ዝናብ ያጠበውን የድንጋይ ጽሑፍ፣ ሽማግሌ የረሳውን ዘፈን። የፍኖትንም ቅዳጅ ሞሉት። መጀመሪያ ላይ የተሞላው ቀለሙ ፈዘዝ ብሎ ነበር፣ ሰው የጥንቱን ከአዲሱ እንዲለይ። ኋላ ለዓይን አይመችም ተባለና ሁሉም አንድ ቀለም ሆነ። ግማሽ መስኮቶቹም ተደፈኑ።

ፍኖት ስታስተምርበት የነበረው ክፍል መጀመሪያ ሙሉ ነበር። ከዚያ አንድ አግዳሚ ወንበር ሆነ። ከዚያ አንዲት ልጅ ብቻ ቀረች፤ እሷም «ዶክተር፣ መልሱ ከተገኘ ጥያቄውን ለምን እንማራለን?» ብላ ሄደች። ትምህርት ክፍሉን ከሆቴል መስተንግዶ ጋር ቀላቀሉት። ልጄ ለአንድ ዓመት ያህል የጠረጴዛ ጨርቅ አጣጠፍ በሚማሩ ልጆች መካከል ስለ ግሪክ ግጥም ስታወራ ከርማ፣ በመጨረሻ ምሉዕ በአማካሪነት ጠራት።

አሟይ ሊደረግላት አንድ ቀን ሲቀራት ከሰዓት በኋላ ወደ እኔ መጣች። በረንዳ ላይ ምስር እየለቀምኩ ነበር። አጠገቤ ተቀመጠችና አብራኝ ትለቅም ጀመር። ከልጅነቷ ወዲህ እንዲያ አድርጋ አታውቅም፤ የከፋት እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

«ነገ ይገባል» አለች ከጆሮዋ ሥር እየነካች። «ከነገ በኋላ የኔ ሐሳብ የትኛው፣ የሱ የትኛው እንደሆነ አላውቅም።»

«እምቢ በያ!»

«እምቢ ካልኩ የቤተ መጻሕፍቱ በር አይከፈትልኝም። ሌላም ምክንያት አለኝ። ሕግ አላቸው። የተሞላ ጽሑፍ እንደ ቀድሞው ተቀድዶ እንዲቀር ጉባኤ መጥራት ይቻላል። መጥራት የሚችል ግን የውስጥ ሰው ብቻ ነው።»

«ጉባኤው ምን ይፈልጋል?»

«ምስክር። ወረቀት አይቀበሉም፤ ማንም ቀድዶ ያመጣል ይላሉ። ከመሞላቱ በፊት የነበረውን በቃሉ ይዞ፣ የጎደለበት ላይ ቆሞ የሚናገር ሰው ነው የሚፈልጉት። አሟይ ያልገባለት ሰው። እንዲህ ያለ ሰው እንደማይገኝ ስለሚያውቁ ነው ሕጉን ያወጡት።» ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ አለሽ።»

ቅዳጁን ከመሞላቱ በፊት በዓይኔ እንኳ አላየሁትም ነበር፤ ግን እሷ ከባሕር ማዶ ከመጣች ጀምሮ እቤት ስትለው እሰማው ስለነበር ምስክርነቱ ይቆጠራል አለች። ያን ከሰዓት አስጠናችኝ። ትርጉሙን አላወቅኩም፣ ድምፁን ብቻ። ሲቀደድ «እዚህ ላይ መዳፍሽን ጉልበትሽ ላይ አድርጊና አየር ሳቢ፤ ምንም አትበይ» ትለኛለች። ፀሐይ ወደ ቁልቁለቱ ሳትወርድ ያዝኩት። እንባዋ መጣ። «አንድ ነገር ብቻ» አለችኝ፤ «እኔ ፊት እንዳትይው። ከነገ በኋላ ጆሮዬ የኔ ብቻ አይደለም። ከሰማው ይሞላዋል።»

የጉባኤው ወረፋ ረጅም ነበር። ስንት ክረምት አለፈ። እኔ ጠዋት ጠዋት ምስር እየለቀምኩ፣ ሽሮ እየነፋሁ፣ ግጥሙን ብቻዬን እለው ነበር። ፍኖት እሑድ እሑድ ትመጣለች። መጀመሪያ ሰሞን አረፍተ ነገሯን እየታገለች ራሷ ትጨርስ ነበር፤ ግንባሯ ያልባታል። ከዚያ እኩሌታውን ለቀቀች። ከዚያ «እማዬ…» ብላ ትቀመጣለች፣ አሟይዋም የሳምንቱን ወሬ በድምፅዋ ይነግረኛል። ልጄን ሳይሆን የልጄን ድምፅ ስመግብ ኖርኩ። ታገሥኩት። አንድ ቀን ጉባኤው ይጠራል፣ እኔም እላለሁ፣ እዚህ ዓለም ላይ አንድ የተቀደደ ነገር ይቀራል፤ ልጄም የደከመችበት ነገር አልጠፋም ብላ ቀና ትላለች። የያዝኩት ተስፋ ይኸው ነበር።

ጉባኤው የተጠራው ጭጋጉ በደፈነው ቀን ነው። አዳራሹ ከመስተዋት ነው፤ ደሴ ከሥራችን ጠፍታለች። ሰብሳቢው ፕሮፌሰር ያፌት ይባላል፤ ድሮ የፍኖት ተማሪ የነበረ፣ መልከ መልካም፣ እጁ የለሰለሰ ሰው። ሕጉ ስለሚያዝ ምስክር ተናግሮ እስኪጨርስ ድረስ የሁሉም አሟይ ተዘጋ።

ያን ማየት ነበር። ሊቃውንቱ ሁሉ ተንተባተቡ። አንዱ «ወንበሩ…» አለና ጠበቀ፤ የሚጨርስለት ሲያጣ ደነገጠ። ያፌት ራሱ «እሜቴ ይመናሹ፣ እርስዎ… እንግዲህ… እ…» እያለ እጁን አወናጨፈ።

«ልጀምር ማለትህ ነው?» አልኩት። «ልጀምርልህ።»

ፍኖት ከፊት ተቀምጣለች። አሟይዋ ስለ ተዘጋ ፊቷ ራቁቱን የቀረ ይመስል ነበር። ፈገግ አለችልኝ። የራሷ ፈገግታ ነው፤ ስንት ዘመኔ ካየሁት።

ነጠላዬን ለለቅሶ እንደማደርገው ወገቤ ላይ አሰርኩና ቆምኩ። አልኩት። ከላይ እስከ ታች፣ ሳልሰናከል፣ እንደ ወጣትነቴ። «እጎዳ» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ራሱ ወረደልኝ። ከኋላ አንዲት ሴት ስታለቅስ ሰማሁ። ጨረስኩ። እኔ ይመናሹ ነኝ፣ ሌላ ምን ይሆናል ብዬ ወደ ልጄ ዞርኩ።

ፊቷ አመድ መስሏል።

«እማዬ» አለች። በራሷ አፍ ነው። «ቤት መታ።»

«አዎ፣ መታ!» አልኩ በኩራት። ከዚያ ቃሉ ሆዴ ገባ።

«የነሱ ቤት አይመታም» አለች። ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገች ነው የምታወጣው። «የት ቆምሽ? አንዴም… አንዴም አልቆምሽም።»

«ቆሜያለሁ! መዳፌን ጉልበቴ ላይ…» አልኩና እጄን አየሁት። እጄ ደረቴ ላይ ነበር፤ አልቃሽ የምታደርገው ቦታ ላይ።

«ድገሚው» አለች። «ቀስ ብለሽ።»

ደገምኩት። በየስንኙ ቀዳዳውን ፈለግኩ። ምላሴ በላዩ እንደ ውኃ አለፈ፤ የሚይዘው ነገር አጣ። ሦስተኛም አልኩት። ያው ነው፣ እንዲያውም አማረ።

«የትኛው ነው ያንቺ?» አለች ፍኖት። «የትኛው የሴትዮዋ ነው? ቤት ከሚመቱት ከሁለቱ ቃሎች የትኛውን ጨመርሽ? መሐሉ ላይስ?»

«አላውቅም» አልኩ። በዕድሜዬ አላውቅም ያልኩት ያን ቀን ነው።

«አንቺ አታውቂውም?» አልኳት ደግሞ፤ «አንቺ አይደለሽ ያስተማርሽኝ?»

ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ያዘች። «አሟዩ በኔ ውስጥ ሞልቶታል፣ እማዬ። ያንቺን ሳልሰማ በፊት ሞልቶታል።»

እንዴት እንደሆነ ኋላ ገባኝ፤ ምን ይረባኛል። ሙሾ ሲወርድ አልቃሽ አንድ ስንኝ ትልና ታቆማለች። በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ሕዝቡ ነው የሚገባው፤ «ወዬ!» ይላል፣ ደረት ይመታል፣ ያም ቦታ ይሞላል። እኔ ባዶ ቦታ ትቼ የማውቀው ሰው ስላለ ነው። በረንዳዬ ላይ ከምስሩ ጋር ብቻዬን ስቀመጥ የሚያለቅስልኝ አልነበረም። አየር እስባለሁ፣ ዝም እላለሁ፣ ማንም አይገባም። ቀስ በቀስ አፌ ራሱ ገባበት። አልቃሽ ባዶ ነገር አይታ አያስችላትም። አሟይ አልገባልኝም ብዬ ስኮራ፣ ለካ እናቴ ስትወልደኝ ነው ያደረገችልኝ።

ያፌት አሟዮቹ እንዲከፈቱ አዘዘ። አዳራሹ ሁሉ እፎይ አለ፤ እፎይታውን አሟዮቹ ጨረሱት።

«እሜቴ…» አለ ያፌት፣ ከንፈሩን ዘግቶ። «…እጅግ ያምራል። ምስክርነትዎ ጉድለት እንዳልነበረ ያረጋግጣል። ከኛ ማሟያ ይልቅ የእርስዎ ይበልጣል፤ በሙሉ ድምፅ ተቀብለነዋል። ከዛሬ ጀምሮ የግጥሙ ትክክለኛ ቅጂ የእርስዎ ነው፤ አሟይም ይማርበታል።»

«አንተ ልጅ፣ አልሰጠሁህም! መልስልኝ!»

«እሜቴ…» አለ። «…ተቀድቷል።»

እንደሚያከብር ሰው ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝ። ብመታው በወደድኩ። የሚያከብር ሰው ግን ምኑ ይመታል?

ከዚያ ወዲህ ፍኖት አሟይዋን መታገል ተወች። የምሉዕ ሰዎች ደግ ናቸው፤ ዕረፍት ሰጥተው ከእኔ ጋር እንድትኖር ላኳት። መጻሕፍቷን ይዛ አልመጣችም። ጠዋት ትነሣለች፣ ፊቷን ትታጠባለች፣ በረንዳ ላይ ትቀመጣለች፣ «እማዬ…» ትላለች፤ የቀረውን አሟይዋ ይላል። ስለ ቅዳጁ አንድ ቀን አላነሣም። ስለ ጭጋጉ፣ ስለ ጉልበቴ፣ ስለ ምሳው ያወራኛል። ልጄ ድሮ እንዲህ ለስላሳ አልነበረችም። ድሮ ትቆጣኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን እታፈራሁ መጥረጊያዋን ይዛ «እንደምን…» አለችኝ፤ «…አደርሽ፣ ብርዱን ተሻገርሽ?» አለ ከጆሮዋ ሥር። ቤት መምታቱን ልብ አላልኩትም።

ባለፈው እሑድ ትዕግሥቴ አለቀ። ምስሩን ከነሰፌዱ አስቀመጥኩና ፊቷ ቆምኩ።

«ስደቢኝ!» አልኳት። «ሥራሽን አጠፋሁት፤ ያን ሁሉ ዘመንሽን በአፌ በላሁት። አሮጊት ቀባጣሪ በይኝ። ምንም በይኝ፤ ብቻ በራስሽ አፍ በይኝ!»

አየችኝ። ስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ እንዲያ አይታኝ አታውቅም። ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ምላሷ ሲነሣ አየሁ።

«እኔ ግን…» አለች።

የራሷ ነበር። በራሷ አፍ፣ በራሷ ሻካራ ድምፅ። ከዚያ ቆመች።

አልተንቀሳቀስኩም። መዳፌን ጉልበቴ ላይ አደረግኩና አየር ሳብኩ። የሚባለው መጥቶልኝ ነበር፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ያሳክከኛል። ነከስኩት። ያ ሁሉ ዘመን ያቃተኝን ዝምታ ያን ጊዜ ቻልኩት። ትስደበኝ፣ ታልቅስ፣ ወይም እንዲሁ እንደ ተቀደደ ይቅር፤ የልጄ ቀዳዳ ነው፣ ማንም አይንካው አልኩ። ዓይኗ ውስጥ የሆነ ነገር ወደ እኔ ሲመጣ አየሁ።

ከንፈሯ ግጥም ብሎ ተዘጋ።

«…መቼ ከፋኝ» አለ ከጆሮዋ ሥር፣ በለሰለሰው ድምፅዋ፣ በኔው የሙሾ ዜማ፤ «ቃልሽ መች አጠፋኝ።»

ቤት መታ። የኔን ቤት ነው የመታው።